ሊኑክስን ወደ ልማት እትም ማሻሻል

ሊኑክስን ወደ ልማት እትም ማሻሻል ማለት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የሚሠራን የረጋ የሊኑክስ ሥርዓት ገና እየተሠራ ወዳለው ቀጣይ እትም ማሸጋገር ነው። የረጋ እትም ተፈትኖ ያለቀ ሲሆን፣ ከወጣ በኋላ በአብዛኛው የስህተትና የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ይገባበታል። በልማት እትም ግን ፕሮግራሞች በየቀኑ ይለዋወጣሉ፤ ስህተቶችም ለሕዝብ ከመድረሳቸው በፊት የሚፈለጉትና የሚታረሙት በዚሁ ነው። ወደ ልማት እትም የሚያሻሽሉት በተለይ ፕሮግራም ሠሪዎች፣ ተርጓሚዎች፣ ፈታሾችና አዲስ መሣሪያ የገዙ ተጠቃሚዎች ናቸው። ሥራው በጥቂት ትእዛዞች የሚያልቅ ቢሆንም ወደ ኋላ ለመመለስ ቀላል መንገድ የለውም፤ ስለዚህ የግል ፋይል በሌላ ቦታ ሳይቀመጥ አይጀመርም።

ትርጉምና ስያሜ

ሊኑክስ የሚለው ስም በጥብቅ ትርጉሙ የሚያመለክተው ከርነሉን ማለትም ፕሮግራሞችን ከኮምፒውተሩ አካላት ጋር የሚያገናኘውን የሥርዓቱን እምብርት ነው። ተጠቃሚው የሚጭነው ግን ከርነሉን፣ የመስኮት ገጽታውን፣ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ፕሮግራሞችን አንድ ላይ የያዘ «ስርጭት» ነው። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና ኦፕንሱሰ ከታወቁት ስርጭቶች መካከል ናቸው።

በአንድ ስርጭት ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮግራም «ፓኬጅ» በሚባል ጥቅል ይቀርባል። ፓኬጆቹ የሚቀመጡበት የኢንተርኔት ማከማቻ ሪፖዚተሪ ይባላል። አንዱ ፓኬጅ እንዲሠራ ሌላው መኖር ሲኖርበት ይህ ግንኙነት ጥገኝነት ይባላል። ከማሻሻል ጋር የሚመጡ ችግሮች አብዛኞቹ የሚነሡት ከዚህ ጥገኝነት ነው፤ አንዱ ፓኬጅ ታድሶ የሚደገፍበት ሌላው ገና ካልታደሰ ሁለቱ አብረው መቀመጥ አይችሉም።

ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ማዘመን ማለት በዚያው እትም ውስጥ የወጡ ማስተካከያዎችን መቀበል ነው። የእትም ማሻሻል ማለት ከአንድ የረጋ እትም ወደ ቀጣዩ የረጋ እትም መሸጋገር ነው። ወደ ልማት እትም ማሻሻል ደግሞ ቀጣዩ እትም ከመውጣቱ በፊት ወደ እሱ መግባት ነው።

አጭር ታሪክ

ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የሊኑክስን ሥራ ለሌሎች ያስታወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1991) ነበር። የከርነሉ ቁጥር ለረጅም ጊዜ የረጋውንና የልማቱን እትም ይለይ ነበር፤ እንደ 2.2 እና 2.4 ያለ ሁለተኛው ቁጥር ጥንድ የሆነው የረጋ፣ እንደ 2.3 እና 2.5 ያለ ጎደሎው ደግሞ የልማት ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2003 እትም 2.6 ከወጣ በኋላ ይህ ልማድ ቀረ። ዛሬ አዲስ ከርነል በ9 ወይም በ10 ሳምንት አንዴ ይወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አዳዲስ ሥራዎች ይገባሉ፣ በቀሩት ሳምንታት ስህተት ብቻ ይታረማል።

ዴቢያን በኢያን መርዶክ አማካይነት ነሐሴ 10 ቀን 1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1993) ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ በረጋውና ባልረጋው ክፍል መካከል «ቴስቲንግ» የተባለ የሙከራ ክፍል ጨመረ። በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የተጀመረው ኡቡንቱ የመጀመሪያ እትሙን በጥቅምት 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2004) አወጣ። በየስድስት ወሩ አዲስ እትም የማውጣት ልማዱ የልማት እትምን መሞከር ለተራው ተጠቃሚም የታወቀ ነገር እንዲሆን ረድቷል።

የየስርጭቱ የልማት እትም

ዴቢያን። ሥራው በሦስት ክፍሎች ይካሄዳል። አዲስ ፓኬጅ መጀመሪያ «አንስቴብል» በተባለው ባልረጋው ክፍል ይገባል። እንደ አጣዳፊነቱ ከ2 እስከ 10 ቀን ከቆየና አዲስ ከባድ ስህተት ካልተገኘበት፣ ጥገኝነቱም ከተሟላ፣ ወደ ቴስቲንግ ያልፋል። በግምት በየሁለት ዓመቱ ቴስቲንግ ለውጥ እንዳይገባበት ደረጃ በደረጃ ይዘጋና ሲጠራ አዲሱ የረጋ እትም ይሆናል። የዴቢያን እትሞች ስማቸውን የሚወስዱት «ቶይ ስቶሪ» ከተባለው የካርቱን ፊልም ገጸ ባሕርያት ነው። ያልረጋው ክፍል ምንጊዜም «ሲድ» ይባላል፤ ሲድ በፊልሙ ውስጥ አሻንጉሊት የሚሰባብረው የጎረቤት ልጅ ነው። (ለሲዳምኛ ቋንቋ የተሰጠው ዓለም አቀፍ ምህጻረ ቃልም «ሲድ» ቢሆንም ሁለቱ አይገናኙም።) «ትሪክሲ» የተባለው ዴቢያን 13 ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲወጣ ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ፓኬጆች ይዞ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው እትም «ፎርኪ» ተብሏል።

ኡቡንቱ። በሚያዝያና በጥቅምት ወር አዲስ እትም ያወጣል፤ የእትሙ ቁጥር የወጣበትን የፈረንጅ ዓመትና ወር ያሳያል። ለምሳሌ 24.04 ማለት እ.ኤ.አ. በ2024 በ4ኛው ወር የወጣ ማለት ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚወጣው የረጅም ጊዜ እትም ለ5 ዓመት፣ በመካከል የሚወጡት ለ9 ወር ብቻ ድጋፍ ያገኛሉ። የኡቡንቱ የልማት እትም በዑደቱ መጀመሪያ ላይ ፓኬጆቹን በአብዛኛው ከዴቢያን ሲድ ይወስዳል። ቀጥሎ አዲስ ባሕርይ መጨመር ይቆማል፤ ከዚያ የገጽታው ለውጥ፣ በመጨረሻም ማንኛውም አስቸኳይ ያልሆነ ለውጥ ይቆማል። ስለዚህ የኡቡንቱ የልማት እትም በመጀመሪያዎቹ ወራት እጅግ ተለዋዋጭ ሲሆን ከቤታ በኋላ ግን ለረጋው ይቀርባል።

ፌዶራ። ምንጊዜም የሚቀጥለው የልማት ክፍሉ «ሮውሃይድ» ይባላል። በየስድስት ወሩ ገደማ ከእሱ ቅርንጫፍ ወጥቶ ቀጣዩ እትም ይሆናል።

ኦፕንሱሰ ተምብልዊድና አርች። እነዚህ እትም የሚባል ወሰን የላቸውም፤ ፓኬጆቹ ሳይቋረጡ ይታደሳሉ። በተምብልዊድ እያንዳንዱ ዕድሳት ከመለቀቁ በፊት «ኦፕንኪውኤ» በተባለ ሥርዓት በራስ ሰር ይፈተናል።

ከመጀመር በፊት

የመጀመሪያው ሥራ የግል ሰነዶችን በውጭ ሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ ላይ መገልበጥ ነው። ቅጂው መከፈቱን በሌላ ኮምፒውተር ማየት ከመገልበጡ ያላነሰ ይጠቅማል። ሁለተኛው፣ ኮምፒውተሩ ካልተነሣ የሚያስነሣ የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጀት ነው። ሦስተኛው፣ ያለው የረጋ እትም ሙሉ በሙሉ መዘመኑንና በዲስኩ ላይ በቂ ባዶ ቦታ መኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ ፓኬጆቹ ወርደው ሲቀመጡም ሲፈቱም ቦታ ይይዛሉና። አራተኛው፣ ከስርጭቱ ውጭ የተጨመሩ ማከማቻዎችን መዝጋት ነው፤ እነዚህ ለልማት እትሙ የተዘጋጀ ፓኬጅ ስለማይኖራቸው ጥገኝነትን ያጣርሳሉ።

ገበሬ አዲስ ዝርያ ሲቀርብለት ማሳውን ሁሉ በአንድ ክረምት እንደማይዘራበትና በጥቂት መሬት ላይ እንደሚሞክረው ሁሉ፣ የልማት እትምንም መጀመሪያ በኮምፒውተር ውስጥ ኮምፒውተር በሚፈጥር ፕሮግራም ማለትም በቨርቹዋል ማሽን፣ ወይም በተለየ የዲስክ ክፍል ላይ መሞከር ይመከራል። «ቨርቹዋልቦክስ» እና «ቨርት-ማኔጀር» ለዚህ ያገለግላሉ። በዚያ የተበላሸ ነገር ዋናውን ሥርዓት አይነካም።

የአሠራር ቅደም ተከተል

በዴቢያን የፓኬጅ ማከማቻዎቹ አድራሻ በ«አፕት» ማህደር ውስጥ ባለ ፋይል ተጽፎ ይገኛል። ተጠቃሚው በዚህ ፋይል ውስጥ የረጋውን እትም ስም ለምሳሌ «ትሪክሲ»ን አውጥቶ በቦታው «ፎርኪ»፣ «ቴስቲንግ» ወይም «ሲድ» ብሎ ይጽፋል። የምርጫው ልዩነት ከፍተኛ ነው። «ፎርኪ» ብሎ የጻፈ ያ እትም ሲወጣ የረጋ እትም ላይ ያርፋል፤ «ቴስቲንግ» ብሎ የጻፈ ግን ፎርኪ ሲወጣ ሳይቆም ወደሚከተለው የልማት እትም ያልፋል።

ከዚያ በኋላ የሚከተሉት ደረጃዎች ይፈጸማሉ፦

1. በ«አፕት አፕዴት» የፓኬጆቹ ዝርዝር ይታደሳል።
2. በ«አፕት አፕግሬድ» የነበረን ፓኬጅ ሳያስወግዱ መታደስ የሚችሉት ይታደሳሉ።
3. በ«አፕት ፉል-አፕግሬድ» የቀሩት ይታደሳሉ፤ ይህ ትእዛዝ ግጭትን ለመፍታት ፓኬጅ ማስወገድ ይችላል።
4. ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ይነሣል፤ አዲሱ ከርነል ካልሠራ «ግረብ» ከሚባለው የማስነሻ ዝርዝር አሮጌው ከርነል ይመረጣል።

በሦስተኛው ደረጃ ላይ ትእዛዙ ከመፈጸሙ በፊት የሚወገዱትን ፓኬጆች ዝርዝር ያሳያል። ዝርዝሩ የመስኮት ገጽታውን ወይም ተጠቃሚው የሚሠራባቸውን ዋና ፕሮግራሞች የያዘ ከሆነ እምቢ ብሎ ጥቂት ቀናት መጠበቅ ያስፈልጋል። ሳያነቡ «አዎ» ማለት የልማት እትም ተጠቃሚዎች ከሚሠሯቸው ስህተቶች ዋነኛው ነው።

በኡቡንቱ ሥራውን «ዱ-ሪሊዝ-አፕግሬድ» የተባለው ፕሮግራም ይፈጽመዋል፤ «ዲ» የሚለው ምርጫ ሲጨመርበት የልማት እትምን ይፈልጋል። ፕሮግራሙ የማከማቻ አድራሻዎችን ራሱ ይለውጣል፣ ከውጭ የተጨመሩትንም ይዘጋል። በረጅም ጊዜ እትም ላይ ያለ ኮምፒውተር መካከለኛ እትሞችን እንዲያይ በመጀመሪያ የማሳወቂያ ቅንብሩ መለወጥ አለበት። በልማት ጊዜ የገባና በየጊዜው ያዘመነ ተጠቃሚ እትሙ በይፋ ሲወጣ እንደገና መጫን አያስፈልገውም።

በፌዶራ «ዲኤንኤፍ» የተባለው ፕሮግራም መጀመሪያ ሁሉንም ፓኬጅ ያወርዳል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ሌላ ፕሮግራም ሳይከፈት ማሻሻሉ ይካሄዳል። በኦፕንሱሰ «ዚፐር» በተባለው ፕሮግራም ሙሉው ስርጭት በአንድ ትእዛዝ ይታደሳል።

አደጋዎች

ወደ ልማት እትም የሚያሻሽል ሰው ሦስት ዓይነት አደጋ ያጋጥመዋል። የመጀመሪያው ተራ ብልሽት ነው፤ ድምፅ ይጠፋል፣ ዋይፋይ አይገናኝም፣ ማሳያው ይጨልማል። ሁለተኛው የደህንነት ነው። የዴቢያን የደህንነት ቡድን በመጀመሪያ የሚሠራው ለረጋው እትም ስለሆነ፣ ማስተካከያ ወደ ቴስቲንግ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሲድ በኩል አልፎ ዘግይቶ ነው። ሦስተኛው የመረጃ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 የወጣው የጂኤንዩ ሲ ላይብረሪ 2.28 የፊደላትን የአደራደር ሕግ ስለለወጠ፣ ቀድሞ በነበረው ቅደም ተከተል የተሠሩ የመረጃ ቋት ማውጫዎች እንደገና መሠራት ነበረባቸው። ይህ ሳይደረግ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ያለ ስም ሲፈለግ «የለም» ሊባል ይችላል። ስለዚህ የተማሪ ውጤት፣ የሕመምተኛ ካርድ ወይም የሂሳብ መዝገብ የሚያዝበት ኮምፒውተር ለልማት እትም አይሆንም።

የኤክስዜድ ክስተት

የልማት እትም አደጋና ጥቅም አንድ ላይ የታዩበት ታላቁ ምሳሌ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024) ይፋ የሆነው የኤክስዜድ ክስተት ነው። ኤክስዜድ ፋይልን የሚያጠብ ፕሮግራም ሲሆን በሁሉም የሊኑክስ ስርጭቶች ማለት ይቻላል ይገኛል። «ጂያ ታን» በሚል ስም የሚጠራ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት እየሠራ አመኔታ ካተረፈና የፕሮግራሙ ተባባሪ ኃላፊ ከሆነ በኋላ፣ በእትም 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር አስገባ። የኋላ በሩ በ«ኤስኤስኤች» ማለትም ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር በሚገባበት አገልግሎት በኩል ባለቤቱ ሳያውቅ ሌላ ሰው ትእዛዝ እንዲሰጥ የሚያስችል ነበር።

ጉዳዩን ያገኘው የፖስትግሬስኪውኤል መረጃ ቋት ገንቢና የማይክሮሶፍት ባልደረባ አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። በዴቢያን ሲድ ላይ ሲሠራ በኤስኤስኤች መግባት ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱን አስተዋለ፤ ምክንያቱን ሲከታተል የኋላ በሩን አገኘ። በዚያን ጊዜ የተበከለው እትም በዴቢያን ሲድና ቴስቲንግ፣ በፌዶራ ሮውሃይድና በፌዶራ 40 ቤታ፣ እንዲሁም በተምብልዊድ ውስጥ ገብቶ ነበር። ወደ ዴቢያን የረጋ እትም ግን አልደረሰም። ዴቢያን ወዲያው ወደ ቀድሞው 5.4.5 ተመለሰ። ኡቡንቱም በዚያን ጊዜ በልማት ላይ የነበረውን የ24.04 ፓኬጆች እንደገና ስለሠራ ቤታውን በአንድ ሳምንት አዘገየ።

ክስተቱ ሁለት ነገር ያስተምራል። በልማት እትም ላይ የነበሩ ተጠቃሚዎች ከሌላው ቀድመው ለአደጋ ተጋልጠዋል። በሌላ በኩል፣ አንድ ሰው በልማት እትም ላይ ባይሠራና ግማሽ ሰከንዷን ችላ ቢል ኖሮ የኋላ በሩ ወደ ረጋው እትም አልፎ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ሊቀመጥ ይችል ነበር።

የ2038 ችግርና የስም ለውጡ

የሊኑክስ ሥርዓት ጊዜን የሚቆጥረው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970) ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ቁጥሩ በ32 ቢት ሲያዝ ከ2,147,483,647 በላይ መሄድ አይችልም። ይህ ቁጥር የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ማለትም የጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ከዚያች ሰከንድ በኋላ ያልታረመ ሥርዓት ቀኑን ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይመልሰዋል።

ዴቢያንና ኡቡንቱ ይህን ለማስተካከል በ2016 ዓ.ም. የጊዜ ቁጥሩን በ32 ቢት ሥርዓቶች ላይ ወደ 64 ቢት አሳደጉ፤ የብዙ ላይብረሪ ፓኬጆች ስምም ተለወጠ። ሥራው በሲድ ውስጥ ሳምንታት ወስዷል። በእነዚያ ሳምንታት አዲስና አሮጌ ስም ያላቸው ፓኬጆች ስለተጋጩ፣ ዝርዝሩን ሳያነብ ሙሉ ማሻሻል ያዘዘ ተጠቃሚ ብዙ ፕሮግራሞች ሊወገዱበት ይችሉ ነበር። የረጋው እትም ተጠቃሚ ግን ያንኑ ለውጥ ያገኘው ካለቀና ከጠራ በኋላ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጉዳይ አለ። ከዴቢያን 13 ጀምሮ ለቀድሞዎቹ ባለ 32 ቢት የኢንቴል ኮምፒውተሮች ይፋዊ ከርነልም መጫኛም አይዘጋጅም። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት ስለ ልማት እትም ከማሰቡ በፊት የማሽኑን ዓይነት ማየት አለበት።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

ከላይ የተዘረዘሩት ደረጃዎች የማይቋረጥ ኢንተርኔትና መብራት እንዳለ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በኢትዮጵያ፣ በተለይም ከትልልቅ ከተሞች ውጭ፣ ዕቅዱ ከዚህ መነሣት አለበት። በምዕራብ ጎጃም የምትገኘው ቡሬ ለዚህ ምሳሌ ትሆናለች። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላምና ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት፤ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚሄደው መንገድም ከዚህ ይነሣል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስም ስላላት ኮምፒውተር የሚማሩ ወጣቶች አሏት። ሆኖም በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ተማሪ አንድ የእትም ማሻሻል የሚጠይቀው ጊጋባይት ቀላል ወጪ አይደለም።

የኢንተርኔት መቋረጥም የሚታሰብ ነገር ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በልማት እትም ላይ ያለ ኮምፒውተር ለብዙ ወራት ሳይዘመን ከቆየ ከማከማቻው ጋር ያለው ርቀት ይሰፋል። በኋላ ሲገናኝ በአንድ ጊዜ የሚወርደው እጅግ ብዙ ይሆናል፣ የመጋጨት ዕድሉም ይጨምራል። የረጋ እትም ላይ ያለ ኮምፒውተር ግን ከዚያው ጊዜ በኋላ የሚጠብቀው ጥቂት ማስተካከያ ብቻ ነው።

እነዚህን እንቅፋቶች ለመቀነስ የሚከተሉት ዘዴዎች ያገለግላሉ፦

ማውረድና መጫንን መለየት። «አፕት» ፓኬጆቹን ብቻ አውርዶ ሳይጭን እንዲቆም ማዘዝ ይቻላል። ማውረዱ ቢቋረጥ የወረደው አይጠፋም፤ ግንኙነቱ ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። ሁሉም ከወረደ በኋላ መጫኑ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

በፍላሽ ማምጣት። «አፕት-ኦፍላይን» የተባለው ፕሮግራም የሚያስፈልጉትን ፓኬጆች ዝርዝር በፋይል ይጽፋል። ፋይሉ በፍላሽ ኢንተርኔት ወዳለበት ኮምፒውተር ተወስዶ ፓኬጆቹ ይወርዳሉ፤ ተመልሶም ይጫናል። በዚህ መንገድ ቤቱ ኢንተርኔት የሌለው ሰው በካምፓስ ወይም በኢንተርኔት ካፌ አውርዶ ቤቱ ማሻሻል ይችላል።

አንድ ጊዜ አውርዶ መካፈል። «አፕት-ካሸር-ኤንጂ» በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን በዚያው ክፍል ያሉት ሁሉ ፓኬጅ የሚወስዱት በእሱ በኩል ይሆናል። ለምሳሌ 20 ተመሳሳይ ኮምፒውተር ያለው የትምህርት ቤት ክፍል ለእያንዳንዱ 2 ጊጋባይት ቢያስፈልግ በጠቅላላው 40 ጊጋባይት ማውረድ ነበረበት፤ በዚህ ዘዴ ግን ከውጭ የሚወርደው ወደ 2 ጊጋባይት ይቀርባል።

ከመብራት መጥፋት መጠንቀቅ። ማውረድ ቢቋረጥ ጉዳት የለውም፤ መጫን በመካከል ቢቋረጥ ግን ሥርዓቱ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መጫኑ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ላይ ወይም መጠባበቂያ ባትሪ (ዩፒኤስ) በተገጠመለት ኮምፒውተር ላይ ይጀመራል። መብራት በመካከል ከጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በመጀመሪያ «ዲፒኬጂ» የጀመራቸውን ፓኬጆች እንዲጨርስ ይታዘዛል፤ ቀጥሎ «አፕት» የተሰበረውን ጥገኝነት እንዲጠግን ይደረጋል። ብዙውን ጊዜ እነዚህ ሁለት ትእዛዞች ሥርዓቱን ያድናሉ።

አማርኛና የልማት እትም

ለኢትዮጵያውያን ተጠቃሚዎች የልማት እትም የራሱ ትርጉም አለው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 እ.ኤ.አ. በ1999 ከገባ በኋላ ሊኑክስ አማርኛን የሚያሳይበትና የሚጽፍበት መንገድ ቀስ በቀስ ተሟልቷል። በጂኤንዩ ሲ ላይብረሪ ውስጥ የቀንና የወር ስሞችን፣ የገንዘብን አጻጻፍና የመሳሰሉትን የሚወስኑ የአገርና የቋንቋ ፋይሎች አሉ። የአማርኛው የተዘጋጀው በዳንኤል ያዕቆብና በግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው። ለትግርኛ፣ ለግዕዝ፣ ለኦሮምኛ፣ ለሶማልኛ፣ ለአፋርኛ፣ ለሲዳምኛና ለወላይትኛም ተመሳሳይ ፋይሎች አሉ። የዴቢያን መጫኛም በአማርኛ ይሠራል። ለፊደል ቅርጽ «አቢሲኒካ» እና «ኖቶ» የተባሉት ቅርጸ ፊደሎች፣ ለመጻፍ ደግሞ በላቲን ፊደል ድምፁን ተይቦ በግዕዝ የሚያወጣው «ሴራ» የተባለው ዘዴ በ«አይባስ» በኩል ያገለግላሉ።

እነዚህ ሁሉ የሚሰበሩት ብዙ ጊዜ በልማት ወቅት ነው። ለምሳሌ ኡቡንቱ በ25.10 የ«ኤክስኦርግ» የኖም መስኮትን ትቶ «ዌይላንድ»ን ብቻ ሲይዝ፣ በአሮጌው ሥርዓት ላይ የተደገፉ የጽሕፈት መሣሪያዎች ሁሉ እንደገና መፈተን ነበረባቸው። በልማት እትም ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ከሌለ ስህተቱ የሚታየው እትሙ ከወጣ በኋላ ነው።

ትርጉምም በተመሳሳይ ጊዜ የተወሰነ ሥራ ነው። ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት በገጽታው ላይ ያሉት ጽሑፎች እንዳይለወጡ ይደረጋል፤ ተርጓሚዎች የሚሠሩት በአብዛኛው ከዚያ እስከ መውጫው ባለው ጊዜ ነው። የአማርኛው ቃል በአዝራሩ ውስጥ መግባቱን ወይም መቆረጡን ማየት የሚቻለው የልማት እትሙን ከፍቶ ነው።

ከማሻሻል በኋላ የአማርኛ ተጠቃሚ ሊፈትናቸው የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን መታየት አለመታየቱ፤ እንደ «ቷ»፣ «ጓ» እና «ቿ» ያሉ ፊደላት በትክክል መጻፋቸው፤ ስሞች በ«ሀ ለ ሐ መ» ቅደም ተከተል መደርደራቸው፤ የ«።» እና የ«፣» ምልክቶች መውጣታቸው፤ በጽሕፈት ፕሮግራምም ሆነ በድረ ገጽ መቃኛ ቋንቋ መቀያየሩ መሥራቱ።

ስህተት ያገኘ ሰው በዴቢያን በ«ሪፖርትባግ»፣ በኡቡንቱ በ«ኡቡንቱ-ባግ» ማሳወቅ ይችላል። ጥሩ ማመልከቻ ምን እንደተደረገ፣ ምን እንደተጠበቀና ምን እንደሆነ፣ እንዲሁም የፓኬጁን የእትም ቁጥር ይገልጻል። የግዕዝ ፊደልን የማያነብ ገንቢ ችግሩን እንዲረዳው ትክክለኛውንና የተሳሳተውን ምስል ጎን ለጎን ማያያዝ ይጠቅማል።

ወደ ኋላ መመለስ

የዴቢያንና የኡቡንቱ የፓኬጅ ሥርዓት አንድን ሙሉ እትም ወደ ቀድሞው ለመመለስ አልተሠራም። የማከማቻውን አድራሻ መልሶ መጻፍ የታደሱትን ፓኬጆች አይመልሳቸውም። ነጠላ ፓኬጅ ወደ ቀድሞው ቁጥር መመለስ ቢቻልም ሙሉ ሥርዓትን እንደዚህ መመለስ አይደገፍም። የተለመደው መፍትሔ የረጋውን እትም እንደ አዲስ ጭኖ የተገለበጡትን ሰነዶች መመለስ ነው። በ«ቢቲአርኤፍኤስ» የፋይል ሥርዓት ላይ ለተጫነ ኦፕንሱሰ ግን «ስናፐር» የተባለው መሣሪያ ከእያንዳንዱ ዕድሳት በፊት የሥርዓቱን ቅጽበታዊ ምስል ስለሚይዝ ወደዚያ መመለስ ይቻላል። ይህ ምስል እዚያው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ዲስኩ ከተበላሸ አብሮ ይጠፋል፤ የመጠባበቂያ ቅጂን አይተካም።

ለማን ይሆናል

ወደ ልማት እትም ማሻሻል ሁለተኛ ኮምፒውተር ወይም ቨርቹዋል ማሽን ላለው፣ ስህተትን ለማሳወቅ ፈቃደኛ ለሆነና ሥርዓቱ አንድ ቀን ባይነሣ ሥራው ለማይቆም ሰው ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፉን በሚያዘጋጅበት ብቸኛ ላፕቶፕ ላይ ለሚሠራ ተማሪ ግን የረጋው እትም ይሻላል። አንድ አዲስ ፕሮግራም ብቻ የሚፈልግ ሰውም ሙሉውን ሥርዓት ማሻሻል የለበትም፤ ዴቢያን ለረጋው እትም የተዘጋጁ አዳዲስ ፓኬጆችን «ባክፖርትስ» በተባለው ክፍል ያቀርባል፣ እንደ «ፍላትፓክ» እና «ስናፕ» ያሉ ዘዴዎችም አዲሱን ፕሮግራም ከቀሪው ሥርዓት ሳይቀላቅሉ ያስገባሉ።